ካርቶኖቹ ሲወድቁ ዝም አልኩ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን የማነበው ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ነው። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ከ4 ወር በፊት የፈረቃ ኃላፊ አደረጉኝ። በሥሬ 7 ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ስገባ የካርቶን አያያዝ እንኳ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን እጄ ሲላጥ አይተው የራሳቸውን ጓንት አውልቀው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ብዙ ጭነት በአንዴ ገባ። ቦታ ስለጠበበን በግድግዳው በኩል እስከ 8 ደራርበን ወጣን። ከመኪናው ቀድመው የወረዱት ቀላሎቹ ካርቶኖች ስለነበሩ እነሱ ከታች ሆኑ። ከባዶቹ ከላይ ተጫኑ። ነገሩ አላማረኝምና «ጋሼ፣ ይሄ ይችላል?» አልኳቸው። «ግዴለህም፣ እንደ ጡብ አቆላልፈነዋል፤ የትም አይሄድም» አሉኝ። ዝም አልኩ።

በማግስቱ ከመሃል ያለ አንድ ዕቃ በአስቸኳይ ተፈለገ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ከላይ ያለውን ሳያወርዱ ከመሃል ጎትተው አወጡት። ድርድሩ ዘመም አለ። ከዚያ ግማሹ በአንዴ ወረደ። አንዲት አዲስ የገባች ልጅ የዕቃ ዝርዝር ይዛ በዚያ እያለፈች ነበር። አንዱ ካርቶን ከእግሯ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ አረፈ።

አለቃችን በሰዓቱ አልነበረም። ተረባርበን በ20 ደቂቃ ውስጥ መልሰን ደረደርነው። የተጨፈለቁትን 3 ካርቶኖች ጋሼ ከኋላ አስቀመጧቸው። ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም። የልጅቷ እጅ ወረቀቱን እንደያዘ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ብናገር ጋሼ ከሥራ ሊወጡ ይችላሉ፤ ለጡረታ 3 ዓመት ነው የቀራቸው። ባልናገር ደግሞ ሌላ ቀን ሰው ላይ ይወርዳል። አለቃችን ሁሌም የሚለው «ቦታ የለም፣ ወደ ላይ ውጡ» ነው። በዚህ ላይ ወገቤን ማመም ከጀመረኝ 2 ወር አለፈ። ገና ኃላፊ ከመሆኑ ታመምኩ አለ እንዳይሉኝ ቀበቶ አስሬ ነው የምሠራው። እባክዎ ይምከሩኝ። ሥራ ያስተማሩኝን ሰው አሳልፌ ልስጥ?

እንቅልፍ ያጣሁት

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ «20 ደቂቃ» የምትለው ላይ ቀረ። መልሳችሁ ደረደራችሁት። እንዴት እንደደረደራችሁት ግን አልነገርከኝም። ቀላሎቹ አሁንም ከታች ናቸው? ሲወድቁ ጠርዛቸው የታጠፈ ካርቶኖች አሁን ሌላ ካርቶን ተሸክመው ይሆን? የደነገጡ ሰዎች አለቃ ሳይመጣ ለመጨረስ ሲጣደፉ የሠሩት ድርድር ከፊተኛው ይሻላል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ስለዚህ ስለ ጋሼም ሆነ ስለ አለቃህ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ነገ ስትገባ መጀመሪያ ወደዚያ ግድግዳ ሂድ። በአጠገቡ ሰው እንዳያልፍ መንገዱን ዝጋ። ከዚያ ከላይ ጀምራችሁ፣ ረድፍ በረድፍ፣ አውርዱት። ዘመም ብሎ ካገኘኸው ግን በእጅ እንዳትነካኩት። በዘመመበት በኩል ማንም አይቁም፤ ፎርክሊፍት፣ ማለትም ጭነት የሚያነሳው መኪና፣ ወይም መቆሚያ ያለው የማይነቃነቅ መሰላል እስኪመጣ ይጠበቅ። በካርቶኖቹ ላይ እየረገጣችሁ እንዳትወጡ። ለዚህ ሁሉ የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም፤ ኃላፊ የተደረግከው ለዚህ ለዚህ ነው።

ከማውረዳችሁ በፊት ደግሞ አንድ ደቂቃ ራቅ ብለህ ቁምና ከሥር ያሉትን ካርቶኖች እይ። ካርቶን ከመውደቁ በፊት ምልክት ይሰጣል። ጥጉ ላይ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ እጥፋት ያወጣል። ጎኑ ወደ ውጭ ይነፋል። ቀጥ ብሎ መታየት የነበረበት የድርድሩ ጠርዝ መሃል ላይ ሆድ ያወጣል።

እኔም ይህን ሥራ ከመጀመሬ በፊት 3 ዓመት መጋዘን ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቤቱ ጭር ባለበት፣ ከአንዱ ጥግ ቀስ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት። ቆየት እያለ ይደገማል። ያንኑ ድምፅ ትናንትናም ሰምቼው ነበር፤ ትናንትና አልፌው ሄጃለሁ። ያን ቀን ግን ቀረብ ብዬ ሳይ ከታች ያለው ካርቶን ጥጉ ሙሉ በሙሉ ተጨፍልቆ ወለሉን ነክቷል። ሰው ጠርቼ ልንመለስ ስንል ወረደ። ማንንም አልነካም። እኔን ግን ለብዙ ጊዜ ሲያስጨንቀኝ የኖረው የወደቀው ሳይሆን ትናንትና ሰምቼ ያለፍኩት ድምፅ ነው። ስለዚህ ያጣኸውን እንቅልፍ አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ። «አሳልፌ ልስጥ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ቃሉ ከባድ ነው፤ የተሸከምከውንም ያህል ያሳያል። እስኪ እኔም ልጠይቅህ። ዝም ስትል ማንን ከጉዳት እየጠበቅህ ነው? ጋሼን ትለኝ ይሆናል። ድርድሩ ሲወርድ ግን ከሁሉ ይልቅ የቀረበው ሰው ማን ነበር? ልጅቷ በዚያ እያለፈች ነበር። ጋሼ ግን እጃቸውን ድርድሩ ውስጥ ከተው ነበር። በሚቀጥለው ጊዜም ከመሃል የሚጎትቱት እሳቸው ናቸው። ለጡረታ 3 ዓመት የቀረው ሰው በደህና ወገብና በደህና እግር ጡረታ እንዲወጣ የምትፈልግ ከሆነ፣ ዝምታህ እሳቸውን አይጠብቃቸውም።

ሌላም ነገር አለ። በደብዳቤህ ውስጥ ጥፋቱን ሁሉ ሳታውቀው እሳቸው ላይ ጭነኸዋል። ከመሃል ጎተቱ፤ ድርድሩ ወረደ። እውነት ነው። ግን በትክክል የተደረደረ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ በዚያ ፍጥነት አይወርድም ነበር። እስኪ አብረን እንየው፤ ምክንያቱም ነገ ጋሼንም አለቃህንም ስታነጋግር መያዣ የሚሆንህ ይህ ነው።

አንደኛው ነገር ከባዶቹ ከላይ መሆናቸው ነው። ለምን ሆነ? መኪናው ቀላሎቹን ቀድሞ ስላወረደ። ማንም «ቆይ፣ ቀላሎቹን ወደ ጎን እናድርጋቸው፤ ከባዶቹ እስኪመጡ እንጠብቅ» አላለም። ለማለትም የሚለዩበት ባዶ ቦታ አልነበረም። ይህ የጋሼ ጥፋት ነው? ሁለተኛው 8 መሆኑ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ያደረሳችሁ «ወደ ላይ ውጡ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ሦስተኛው፣ በአስቸኳይ የሚፈለግ ዕቃ መሃል ላይ መቀበሩ። ይህም የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። አራተኛው፣ ልብህ እያወቀ ዝም ማለትህ። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ይህኛው ያንተ ነው። ይህን የምልህ ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ታሪኩን ሙሉውን ከነገርከው ግን በአንድ ሽማግሌ ጫንቃ ላይ አይወድቅም። ለሁላችሁም የየድርሻችሁ አለው።

ስለ ማቆላለፉ ትንሽ ልቆይ፤ ጋሼን የምታነጋግራቸው በዚህ በኩል ነውና። እሳቸው እንደ ጡብ ሲያቆላልፉ ያለ ምክንያት አይደለም። የተቆላለፈ ድርድር እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ወደ ጎን ቶሎ አይንሸራተትም። ይህን በልምድ ያውቁታል፤ ትክክልም ናቸው። ችግሩ ካርቶን ጡብ አለመሆኑ ነው። ጡብ ሁለመናው ጠንካራ ነው። የካርቶን ጉልበት ግን በዋናነት ያለው በ4ቱ ጥጎቹና በቋሚ ጠርዞቹ ላይ ነው። ጥግ በጥግ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ በጠርዞቹ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ስታቆላልፈው ግን የላይኛው ጥግ የሚያርፈው በታችኛው ክዳን መሃል፣ ማለትም ለስላሳው ላይ ነው። በዚህ ብቻ ካርቶኑ ሊሸከም ከሚችለው ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ጥጉ ከፓሌቱ፣ ማለትም ካርቶኖቹ ከሚደረደሩበት የጣውላ መደብ፣ ጠርዝ ወጣ ብሎ አየር ላይ ሲቀርም እንደዚሁ ብዙ ጉልበት ያጣል።

ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ብዙ መጋዘኖች የታችኞቹን ረድፎች ጥግ በጥግ ያደርጉና የላይኛውን አንዱን ወይም ሁለቱን ረድፍ ብቻ ያቆላልፋሉ። ከዚያ በመጠቅለያ ፕላስቲክ ከፓሌቱ ጀምረው ወደ ላይ ያስሩታል። እንዲህ ከሆነ የጋሼም ዘዴ ቦታውን ያገኛል፤ ካርቶኑም አይጨፈለቅም።

ስለ ግድግዳው ደግሞ ምንም አላልክም። ይረጥባል? ካርቶን ወረቀት ነው። እርጥበት ሲጠጣ ዓይን ሳያየው ይደክማል። እርጥበት ባይኖርም እንኳ ጊዜው ራሱ ያደክመዋል፤ ዛሬ በደንብ የተሸከመው ከወር በኋላ ያንኑ ክብደት ላይችል ይችላል። መዳፍህን በታችኛው ካርቶን ላይ አሳርፍና ቀዝቀዝና ለስለስ ካለብህ እመነው፤ ደክሟል። ድርድሩን ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት፤ አየር ይግባው። ወለሉም ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ ጣውላው ያልተሰበረ ፓሌት ይኑረው።

ስንት መደርደር ይቻላል የሚለውን ደግሞ አንተም ጋሼም አለቃህም መከራከር የለባችሁም። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ወደ ላይ የሚያሳዩ 2 ቀስቶች ታውቃለህ፤ ዣንጥላዋንም ታውቃታለህ፤ ከእርጥበት አርቁኝ ማለት ናት። ከእነሱ ጎን አንዳንዴ የተደራረቡ ሣጥኖች ሥዕልና ቁጥር ይኖራል። ቁጥሩ በታችኛው ላይ ስንት ተመሳሳይ ካርቶን መጫን እንደሚቻል ይናገራል። ምልክቱ ዓለም አቀፍ ነው፤ የትም አገር አንድ ነው። እንደኔ እንደኔ ጋሼን ለማነጋገር ከዚህች ምልክት የተሻለ መነሻ የለህም። «ተሳስተዋል» ከምትላቸው ይልቅ ወደ ካርቶኑ አብራችሁ ጎንበስ ትላላችሁ።

ለነገሩ የድርድሩ ራሱ ቁመትም ልክ አለው። በመጋዘን ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች የድርድር ቁመት ከመሠረቱ ጠባቡ ጎን 3 እጥፍ፣ ቢበዛ 4 እጥፍ እንዳያልፍ ይመክራሉ። በእጅ ለሚደረደር ከባድ ካርቶን ግን እኔ ከዚያም በፊት የምቆምበት ልክ አለኝ፤ የሠራተኛው ትከሻ።

እንዴት ብለህ ትጀምር? መጀመሪያ ሌሎቹ ፊት አይሁን። ያስተማሩህን ሰው በሠራተኛ ፊት ማረም እሳቸውንም ያሳፍራል፤ አንተንም ያስጠላሃል። በዕረፍት ሰዓት ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ እንዲህ በላቸው፤ «ጋሼ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሥሩ የነበሩት እርስዎ ነበሩ። አንድ ነገር ሆነው ቢሆን ምን እንደምሆን አላውቅም።» ይህን ብለህ ዝም በል። መልስ እስኪሰጡህ ጠብቅ። ሊቆጡ ይችላሉ። «አሁን አለቃ ሆንክብኝ?» ሊሉህም ይችላሉ። አትመልስላቸው። ከቁጣው ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ያን ቀን እሳቸውም ደንግጠዋል። እሳቸውም ላይተኙ ይችላሉ።

ቀዝቀዝ ሲሉ እርዳታ ጠይቃቸው። ከልብህ ጠይቅ፤ ለማባበል አይሁን። የትኛው ድርድር እንደሚያሰጋ ከአንተ በላይ ያውቃሉ። ያ ዓይን ለአዲሶቹ እንዲተላለፍ የምትፈልግ ከሆነ አስተማሪው እሳቸው ይሁኑ። «ከዛሬ ጀምሮ ከመሃል አንጎትትም፤ ሁሌም ከላይ ወደ ታች» የሚለውን ለአዲሶቹ የሚነግሩት እሳቸው ቢሆኑ አንተ 10 ጊዜ ከምትናገረው ይልቅ ይሰማል።

ከዚያ ወደ አለቃችሁ አብረን እንሂድ በላቸው። እሺ ካሉ እሰየው። እንቢ ካሉ ግን ብቻህንም ቢሆን ሂድ። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ ብዬ ላታልልህ አልችልም። ሰው ከሞት አንድ ስንዝር የተረፈበት ነገር በ20 ደቂቃ ተደብቆ ሊቀር አይገባም። ጋሼ ምንም አይደርስባቸውም ብዬም ቃል ልገባልህ አልችልም። ማስጠንቀቂያ ሊሰጣቸው ይችላል። ላንተም ሊሰጥህ ይችላል። ግን አስበው፤ አሁን የምትነግረው ማንም ያልተጎዳበትን ነገር ነው። ሰው ከተጎዳ በኋላ «ለካ ከዚያ በፊትም ወድቆ ነበር» ተብሎ ሲወጣ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አለቃህ ዘንድ ስትገባ አንድ ገጽ ወረቀት ያዝ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የትኛው ግድግዳ፣ ስንት ድርብ፣ ምን ከላይ ምን ከታች እንደነበር፣ ማን በአጠገቡ እንደነበር። ከኋላ የተቀመጡትን 3 ካርቶኖችም ጨምር፤ ውስጣቸው ያለው ዕቃ ተሰብሮ ወደ ደንበኛ ከሄደ ሌላ ጣጣ ነው። ማን ጎተተ ብሎ ከጠየቀህ አትዋሽ። «ጋሼ ጎተቱት፤ እኔ የፈረቃው ኃላፊ ሆኜ ነበርኩ፤ አላስቆምኳቸውም። ሲደረደርም ጥርጣሬ ነበረኝ፤ አልተናገርኩም» በል። የራስህን አስቀድመህ ያስቀመጥክ ሰው ሌላውን አሳልፈህ ሰጠህ አትባልም።

አለቃህ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልደመድምም። ቦታ የሚጎድለው ሰው ወደ ላይ ያያል። ስለዚህ አቤቱታ ብቻ ይዘህ አትግባ፤ መላም ይዘህ ግባ። መኪና ሲራገፍ ከባድና ቀላሉ የሚለይበት ትንሽ ባዶ ቦታ ይሰጣችሁ። በአስቸኳይ የሚፈለግ ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ። መቆሚያ ያለው መሰላልና ፓሌትን ከነጭነቱ አንስቶ በእጅ የሚጎተት ጃክ ይገዛ። ግድግዳውና ምሰሶዎቹ ላይ ደግሞ ቀይ መስመር ይሰመር፤ ከዚህ በላይ አይደረደርም የሚል። እኔ ከሁሉ ይልቅ የምወዳት ይህችን መስመር ነው። መስመር ስትኖር ጋሼም አይከራከሩህ፣ አንተም አለቃህን በየቀኑ አትለማመጠው። ጣሪያችሁ ላይ የእሳት ማጥፊያ የውሃ መርጫ ካለ፣ በድርድሩ ጫፍና በመርጫው መካከል ቢያንስ 46 ሴንቲሜትር ክፍተት መተው በብዙ ቦታ የሚሠራበት ደንብ ነው። ውሃው የሚበተነው በዚያ ክፍተት ነው። «ወደ ላይ ውጡ» ለሚል አለቃ ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ እሳት ከተነሳ የሚተርፈው የእሱ ዕቃ ነው።

ሰምቶ ዝም ካለህስ? የወረቀቱን ቅጂ ለራስህ አስቀር። የደህንነት ኮሚቴ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ እዚያ ውሰደው። ካልሆነም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1981 ያወጣው 155ኛው ስምምነት፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው ፈቀቅ ያለ ሠራተኛ ያለ አግባብ እንዳይጎዳ ይላል። ባለህበት አገር ሕግ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ከማኅበሩ ወይም ከተቆጣጣሪው ጠይቅ። ግን እዚህ ድረስ ትደርሳለህ ብዬ አላስብም።

ስለ ወገብህ ደግሞ በሁለት መስመር ብቻ ጽፈህ ያለፍከው አሳስቦኛል። ወገብህና ያ ድርድር የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። ከባዱን ካርቶን ወደ 8ኛው ያወጣው ማን ነው? የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደህንነት መሥሪያ ቤት ዕቃን በእጅ ለማንሳት የሚሰጠው መመሪያ አለ። ወንድ ሠራተኛ በወገቡ ከፍታ፣ ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ሲይዝ እስከ 25 ኪሎ ይለዋል። ያንኑ ሰው ከትከሻው በላይ ሲያነሳ ግን ወደ 10 ኪሎ ያወርደዋል። ክንዱን ዘርግቶ ከሆነ 5 ኪሎ ብቻ። ለሴት ሠራተኛ 16፣ 7 እና 3 ኪሎ ነው። ሕግ አይደለም፤ ከዚያ ካለፈ ቆም ብላችሁ አስቡበት የሚል መለኪያ ነው። ልዩነቱን ግን እይልኝ። ካርቶኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የያዝክበት ቦታ ነው። ከባዱ ከታች ሲሆን ድርድሩም ይቆማል፤ ወገብህም ያርፋል።

ቀበቶውን አትመነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ጥናት ተቋም በ1994 የነበሩትን ጥናቶች መርምሮ፣ ጤነኛ ሠራተኛን ከወገብ ጉዳት እንደሚጠብቅ በቂ ማስረጃ አላገኘም። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው፤ ቀበቶ ያሰረ ሰው የሚችል ስለሚመስለው ከአቅሙ በላይ ያነሳል። 2 ወር የቆየ ሕመም ሐኪም ሊያየው ይገባል። በዚህ ሳምንት ሂድ። ሐኪሙ እስኪያይህም ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ አትዋል፤ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ይሻላል። እግርህ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ በጭኖችህ መሃል ስሜት ካጣህ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ ግን ሳምንት አትጠብቅ። ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እስከዚያው ከማንሳትህ በፊት የካርቶኑን ጥግ በእግርህ ገፋ አድርገው፤ ክብደቱን ይነግርሃል። ከከበደህ ሰው ጥራ። ሁለት ስትሆኑ አንዳችሁ ብቻ ቁጠሩ፤ ሁለቱም ከቆጠሩ አንዱ ቀድሞ ያነሳል። ካነሳህ በኋላ ሆድህ ላይ አስጠጋው። ስትዞር ወገብህን አትጠምዝዝ፤ እግርህን እያዞርክ ዙር። «ገና ኃላፊ ከመሆኑ ታመምኩ አለ እንዳይሉኝ» ያልከውን ደግሞ ገልብጠህ እየው። በሥርህ ካሉት 7 ሰዎች ስንቶቹ ወገባቸውን እያመማቸው ዝም ብለው ይሆን? ኃላፊው «ዛሬ ይሄን ብቻዬን አላነሳም፤ ና ያዝልኝ» ሲል የሰሙ ቀን እነሱም ይናገራሉ።

የመጨረሻው ስለ ልጅቷ ነው። በደብዳቤህ ውስጥ ብዙ ስለ ጋሼ ጻፍክ። ስለ እሷ የጻፍከው እጇ መንቀጥቀጡን ብቻ ነው። ግን አይተሃል፤ እንቅልፍህን የነሳህም ይህ ይመስለኛል። አዲስ ገብታ ካርቶን ከእግሯ አጠገብ ወደቀ። ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ማንም «ተጎዳሽ?» አላላትም። የተማረችው ምንድን ነው? እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ዝም ይባላል የሚለውን ነው። ነገ የካርቶን ድምፅ ብትሰማ ለማን ትናገራለች?

ሂድና አነጋግራት። ከጋሼም ከአለቃህም በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል። «ያን ቀን መጥቼ ልጠይቅሽ ሲገባኝ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ፤ ይቅርታ። እንዴት ነሽ?» በላት። መጀመሪያ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ትልሃለች። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። እሺ ብለህ ቶሎ አትሂድ። ትንሽ አጠገቧ ቁም።